ዋንጫው ሳያረጅ፦ ሌስተር ሲቲ በ2023 እንዴት ወረደ

ሰኞ ማታ ነው፤ ሜይ 1 ቀን 2023። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሜዳው ኪንግ ፓወር ስታዲየም ውስጥ ሌስተር ሲቲ ኤቨርተንን 2 ለ 1 ይመራል። ሁለቱም ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ወደ ታችኛው ሊግ ላለመውረድ የሚታገሉ ቡድኖች ናቸው፤ ከ20ው ክለብ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ይወርዳሉ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ሌስተር ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ጄምስ ማዲሰን ኳሱን አስተካክሎ አስቀመጠ፣ ተንደረደረ፣ ወደ መሃል መታ። የኤቨርተኑ ግብ ጠባቂ ጆርዳን ፒክፎርድ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልዘለለም። ባለበት ቆሞ ጠበቀውና አዳነው።

ከእረፍት መልስ የኤቨርተኑ አሌክስ ኢዎቢ አቻ አደረገ። 2 ለ 2 አለቀ። ውድድሩ ሲጠናቀቅ ኤቨርተን በ36 ነጥብ 17ኛ፣ ሌስተር በ34 ነጥብ 18ኛ ሆነ። ያቺን ማታ ሌስተር አሸንፎ ቢሆን ሌስተር 36፣ ኤቨርተን 35 ይሆኑ ነበር። የሚወርደው ኤቨርተን ነበር ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሌስተርን መውረድ የሚያስታውሰው በዚህች ምት ነው። እኔ ግን ማዲሰን ላይ መጨከን አልችልም። አንድ ክለብ ዕጣ ፈንታው በአንድ ምት ላይ እስኪንጠለጠል ድረስ ብዙ ነገር አሳልፏል። የሌስተርን ዓመት ደጋግሜ ሳየው የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። ክለቡ የደረጃ ሰንጠረዡን ሲመለከት ያየው የነበረው ያለፈውን ሌስተር ነው።

ያለፈው ሌስተር ደግሞ በቀላሉ የሚረሳ አይደለም። በ2014/15 ቡድኑ በናይጀል ፒርሰን እየሰለጠነ ከታችኛው ሊግ ገና የመጣ ክለብ ነበር። ከ29 ጨዋታ 19 ነጥብ ብቻ ይዞ የሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁሉም ሰው አበቃለት ብሎ ነበር። ክለቡ ፒርሰንን አላባረረም። ከቀሩት ዘጠኝ ጨዋታዎች ሰባቱን አሸነፈ፣ አንዱን አቻ ወጣ፣ 41 ነጥብ ይዞ 14ኛ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የሆነውን ከአዲስ አበባ ካፌ እስከ ባንኮክ የማያውቅ የለም። በክላውዲዮ ራኒዬሪ፣ በ81 ነጥብ፣ ሻምፒዮን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን እምብዛም አይወራም። ዋንጫ ባነሱ በዘጠነኛው ወር፣ በፌብሩዋሪ 2017፣ ራኒዬሪ ተሰናበቱ። ቡድኑ ከወራጅ ቀጠናው በአንድ ነጥብ ብቻ ከፍ ብሎ ነበር። ብዙዎቻችን ክፉኛ አዘንን፤ ታሪክ የሰሩ ሰው እንዲህ ይሸኛሉ ወይ አልን። ግን ምክትላቸው ክሬግ ሼክስፒር ቦታውን ተረክቦ የመጀመሪያዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ። ሌስተር 12ኛ ሆኖ ጨረሰ።

ልብ በሉ። ይህ ክለብ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ነገር አይቷል። አንዴ አሰልጣኙን ታግሶ ተረፈ። አንዴ ደግሞ ዋንጫ ያመጡለትን ሰው አሰናብቶ ተረፈ። በ2023 ሁለቱም ትዝታ ቤቱ ውስጥ ነበር። ያሸነፈው የትዕግስቱ ትዝታ ነው። ለምን እንደሆነም ይገባኛል።

ብሬንዳን ሮጀርስ በፌብሩዋሪ 2019 ከሴልቲክ ሲመጣ ክለቡ ሀዘን ላይ ነበር። ባለቤቱ ቪቻይ ስሪቫዳናፕራባ በኦክቶበር 2018 እዚያው ስታዲየሙ አጠገብ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተዋል። ሮጀርስ ለዚያ ቤት ደስታ መለሰለት። በ2019/20 አምስተኛ፣ በ62 ነጥብ። በ2020/21 እንደገና አምስተኛ፣ በ66 ነጥብ። ሁለቱንም ዓመት የሻምፒዮንስ ሊግ ቦታ ያመለጠው በመጨረሻው ቀን ነው። በሜይ 2021 ዌምብሌይ ላይ ዩሪ ቲዬሌማንስ ከሩቅ መትቶ ቼልሲ ላይ ያስቆጠራት ጎል ለሌስተር የመጀመሪያውን የኤፍኤ ዋንጫ አመጣች። በተከታዩ ዓመት ስምንተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ በአውሮፓ ሦስተኛ ደረጃ ውድድር በኮንፈረንስ ሊግም ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ሮጀርስ እስከ 2025 የሚያቆይ ውል ነበረው። እንዲህ ያለን ሰው ከአምስት ሽንፈት በኋላ ማን ደፍሮ ያባርራል?

ገንዘቡን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ሮጀርስ ላይ ግፍ ይሆናል። የክለቡ ባለቤት ኪንግ ፓወር የቀረጥ ነጻ ሱቆች ድርጅት ነው። በኮቪድ ጊዜ አውሮፕላን ሲቆም ገበያው አብሮ ቆመ። ሌስተር በ2021/22 ከግብር በፊት 92.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰረ። ለደመወዝ የሚያወጣው ከገቢው 85 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። ይህ አውሮፓ ውስጥ ለሚጫወት ቡድን የታሰበ ደመወዝ ነው። አውሮፓው ሲቀር ደመወዙ ግን አልቀረም።

ስለዚህ የ2022 ክረምት ባዶ ሆነ። አምበሉና ግብ ጠባቂው ካስፐር ሽማይክል ወደ ኒስ ሄደ። በእሱ ቦታ ለዓመታት ተቀያሪ የነበረው ዳኒ ዋርድ ገባ። ወጣቱ ተከላካይ ዌስሊ ፎፋና በኦገስት መጨረሻ ለቼልሲ ተሸጠ። ምትኩ ቩት ፋስ የመጣው የዝውውር ገበያው ሊዘጋ ሲል ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ግብ ጠባቂ በስተቀር ሌላ ማንም አልመጣም። ቲዬሌማንስ፣ ሶዩንጁና ጆኒ ኢቫንስን ጨምሮ በርካታ ተጫዋቾች ደግሞ ውላቸው በዓመቱ መጨረሻ የሚያልቅ ነበር። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ሰው ነገ የት እንደሚሆን አያውቅም።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። በመክፈቻው ብሬንትፎርድን 2 ለ 0 እየመሩ 2 ለ 2 ወጡ። ከዚያ ስድስት ተከታታይ ሽንፈት። ብራይተን 5፣ ቶተንሃም 6 አገባባቸው። ከሰባት ጨዋታ አንድ ነጥብ።

አሁን ወደ ኦክቶበር 3 እንሂድ። እኔ የዓመቱ ቁልፍ የምለው ይህን ማታ ነው። ሌስተር በሜዳው ኖቲንግሃም ፎረስትን አስተናገደ። ሁለቱም ከታች ናቸው፣ ሁለቱም አሰልጣኞች ወንበራቸው እየተነቃነቀ ነው። ሌስተር 4 ለ 0 አሸነፈ። የሮጀርስ ስጋት በረደ። ፎረስት ደግሞ በዚያው ሳምንት አሰልጣኙን ስቲቭ ኩፐርን ያሰናብታል ሲባል አዲስ ውል ሰጠው።

ሁለት ጎረቤት ክለቦች፣ አንድ ማታ፣ አንድ ዓይነት ውሳኔ፦ አሰልጣኛችንን እናቆያለን። ፎረስት በ38 ነጥብ ተረፈ፣ ሌስተር ወረደ። እንግዲህ አሰልጣኝ ማቆየት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ልዩነቱ ፎረስት ምን ውስጥ እንዳለ ማወቁ ላይ ነው። ክለቡ ፕሪሚየር ሊግን ካየ 23 ዓመት አልፎት ነበር። ከ1999 ወዲህ የሚመካበት የቅርብ ውጤት የለውም። ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው ላለመውረድ ነው። ከ38ቱ ነጥብ 30ውን የሰበሰበው በገዛ ሜዳው ነው። ሌስተር በሜዳው ያገኘው 19 ብቻ ነው። ጃንዋሪ ላይ በመልሱ ጨዋታ ፎረስት ሌስተርን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ትግል ውስጥ መሆኑን ያመነና ያላመነ ቡድን ጎን ለጎን ታዩኝ።

ሌስተርን ያዘናጋው ሌላም ነገር አለ። ከፎረስት ድል በኋላ እስከ ዓለም ዋንጫው እረፍት ድረስ ጥሩ ተጫወተ። ሊድስን፣ ዎልቭስን፣ ኤቨርተንን፣ ዌስት ሃምን አሸነፈ። ከ15 ጨዋታ 17 ነጥብ፣ 13ኛ ደረጃ። ያኔ ሮጀርስ ይሰናበት የሚል ቢኖር እኔም አልሰማውም ነበር። ሁሉም ሰው «በቃ፣ ወደ ራሳቸው ተመለሱ» አለ። «ወደ ራሳቸው» የሚለውን ቃል አስቡት። የትኛው ራሳቸው? ያለፉትን ሁለት የውድድር ዓመታት ከተመለከትን ቡድኑ ከ66 ወደ 52 ነጥብ ወርዶ፣ ከዚያም ቁልቁል እየሄደ ነበር። የቅርቡ ራሳቸው ያ ነው።

ከዓለም ዋንጫ መልስ አራት ተከታታይ የሊግ ሽንፈት መጣ። በሊቨርፑሉ ጨዋታ ሁለቱንም ጎሎች ፋስ በራሱ መረብ ላይ አስገባ። ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ አስቶን ቪላ ላይ 4፣ ቶተንሃም ላይ 4 ሲያገቡ እንደገና ተስፋ። ከዚያ ጨለመ። ማንቸስተር ዩናይትድ፣ አርሰናል፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ቼልሲ፤ አራቱም ሽንፈት። በመካከሉ በኤፍኤ ዋንጫ በሜዳቸው በብላክበርን፣ ከታችኛው ሊግ በመጣ ቡድን ተሸነፉ። ሽል ከሆነ ይገፋል፣ ቂጣ ከሆነ ይጠፋል እንደሚባለው፣ ክለቡ ዝም ብሎ ጠበቀ።

ማርች 18 ከብሬንትፎርድ ጋር 1 ለ 1 ወጡ። ከዚያ ለብሔራዊ ቡድን ጨዋታዎች ሁለት ሳምንት እረፍት ነበር። አሰልጣኝ መቀየር ካለ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። አዲሱ ሰው ቢያንስ ስም ለማወቅ፣ የቀሩትን ተጫዋቾች ይዞ ልምምድ ለመስራት ጊዜ አለው። ሌስተር አልተንቀሳቀሰም።

ክሪስታል ፓላስ ግን ተንቀሳቀሰ። ፓትሪክ ቪዬራን ማርች 17 አሰናብቶ በእረፍቱ መጀመሪያ ላይ የ75 ዓመቱን ሮይ ሆጅሰን አመጣ። የሆጅሰን የመጀመሪያ ጨዋታ ኤፕሪል 1 ነበር። ከማን ጋር? ከሌስተር። 1 ለ 1 ሆኖ ባከነው ሰዓት ላይ ዣን ፊሊፕ ማቴታ አገባ። 2 ለ 1። በማግስቱ እሁድ ሮጀርስ ተሰናበተ። ሌስተር 19ኛ ነው፣ ከ28 ጨዋታ 25 ነጥብ። ቀጣዩ ጨዋታ ማክሰኞ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሆጅሰን በአስር ጨዋታ 18 ነጥብ ሰብስበው ፓላስን 11ኛ አደረሱት። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቪዬራ በ2023 አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ሲሰናበት ከጠንካራ ቡድኖች ጋር ተከታታይ ጨዋታ አድርጎ ነበር። ሆጅሰን ሲመጡ መርሐ ግብሩ ቀለለ። ሌስተር፣ ሊድስ፣ ሳውዝሃምፕተን፣ ኤቨርተን፣ ሁሉም ወራጅ ሰፈር ነው። ቪዬራ ቢቆይ ኖሮ እሱም ጥቂት ያሸንፍ ነበር ብዬ አምናለሁ። አዲስ አሰልጣኝ መጣ፣ ቡድኑ ነቃ የምንለው ነገር ግማሹ የመርሐ ግብር ስጦታ ነው። ጥበቡ ያንን ቀላል መርሐ ግብር በታደሰ መንፈስ መቀበል ላይ ነው።

ሌስተር የእሱን ስጦታ እንዴት እንደተቀበለው እንይ። ማክሰኞ ከአስቶን ቪላ፣ ቅዳሜ በሜዳው ከቦርንማውዝ። ሁለቱንም የመሩት ጊዜያዊዎቹ አዳም ሳድለርና ማይክ ስቶዌል ናቸው። በቪላ 2 ለ 1 ተሸነፉ። በቦርንማውዝ ደግሞ ማዲሰን ወደ ኋላ የሰጣት ኳስ አጠረች፣ ፊሊፕ ቢሊንግ ነጥቆ አገባ፣ 1 ለ 0። ቋሚ አሰልጣኝ ሳይኖር ስድስት ነጥብ ፈሰሰ።

ኤፕሪል 10 ዲን ስሚዝ ስምንት ጨዋታ ሲቀር መጣ። አብረውት ጆን ቴሪና ያ የ2017 አዳኝ ክሬግ ሼክስፒር ነበሩ። (ሼክስፒር በ2024 በካንሰር አረፈ፤ በዚያ ከተማ ሰዎች ዘንድ ያለው ፍቅር ይገባዋል።) ስሚዝ ከስምንቱ 9 ነጥብ አገኘ። በጨዋታ ሲካፈል ከሮጀርስ የዚያ ዓመት አማካይ ይበልጣል። በወረቀት ላይ እናስላ። ስሚዝ ሮጀርስ በተሰናበተበት ቀን መጥቶ በዚያው ፍጥነት የቀሩትን አስር ጨዋታዎች ሁሉ ቢመራ ኖሮ 36 ነጥብ ላይ ይደርስ ነበር። ከኤቨርተን ጋር እኩል ማለት ነው። የጎል ልዩነት ደግሞ የሌስተር የተሻለ ነበር፣ በ17 ዕዳ ከ23 ዕዳ። ወረቀት ሁሉን አይናገርም። ግን ጉዳዩ ምን ያህል ጠባብ እንደነበር ያሳያል።

ኤቨርተን ምን አደረገ? ፍራንክ ላምፓርድ በ2022 ክለቡን ከመውረድ ያዳነ ሰው ነው። ፓላስን ከ2 ለ 0 መመራት ተነስተው 3 ለ 2 ሲያሸንፉ ሜዳው በሰው የተጥለቀለቀበትን ምሽት ብዙዎቻችን አንረሳውም። ከስምንት ወር በኋላ ግን ከ20 ጨዋታ 15 ነጥብ ብቻ ሲይዝ ጃንዋሪ ላይ አሰናበቱት። ያ ምሽት ተጨማሪ ወር አልገዛለትም። ሾን ዳይች መጣና በመጀመሪያ ጨዋታው የሊጉን መሪ አርሰናልን በጄምስ ታርኮቭስኪ የጭንቅላት ጎል 1 ለ 0 አሸነፈ። በ18 ጨዋታ 21 ነጥብ። ዳይች ከ2018ቱ የዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ በስተቀር ከአውሮፓ እግር ኳስ ጋር ትዝታ የለውም። በርንሌይ ውስጥ ዓመታት ያሳለፈው በዚህ ትግል ነው።

አንድ ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ሌስተር በዚያ ዓመት 51 ጎል አግብቷል። ኤቨርተን 34። ሃርቪ ባርንስ 13፣ ማዲሰን 10 አስቆጥረዋል። በእነዚህ ልጆች የሚወርድ ቡድን የለም ይባል ነበር። ግን ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሜይ መገባደጃ ሌስተር በ21 ተከታታይ የሊግ ጨዋታ መረቡን ሳያስደፍር አልወጣም። ጎል የሚያገባ ቡድን ሁልጊዜ «ነገ እናሸንፋለን» ይላል። ይህ ነው የሚያታልለው። ሜይ 8 ፉልሃም ላይ ሦስት ጎል አግብተው አምስት ገባባቸው። በመጨረሻ ኒውካስል ላይ ስሚዝ ማዲሰንንና ባርንስን ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ በር ዘጋ። 0 ለ 0። ያኔ የቀረው አንድ ጨዋታ ነው።

ሜይ 28፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ተኩል። ኤቨርተን 33፣ ሌስተርና ሊድስ 31። ባርንስ ዌስት ሃም ላይ ቀድሞ አገባና ለጥቂት ጊዜ ሌስተር ከወራጅ ቀጠናው ወጣ። በኤቨርተን ሜዳ በጉዲሰን ፓርክ ገና 0 ለ 0 ነበር። በ57ኛው ደቂቃ አብዱላዬ ዱኩሬ ከሳጥኑ ጫፍ አክርሮ መታ። ኤቨርተን 1 ለ 0። እዚያ ማዶ የተቆጠረች ጎል ኪንግ ፓወርን ቀጥ አደረገችው። ፋስ ሁለተኛ አገባ፣ ሌስተር 2 ለ 1 አሸነፈ፣ ተጫዋቾቹ ግን የሌላ ሜዳ ባከነ ሰዓት እየጠበቁ ቆሙ። ኤቨርተን አልነቃነቅ አለ። የ2016 ሻምፒዮን፣ የ2021 የኤፍኤ ዋንጫ ባለቤት፣ በአሸነፈበት ቀን ወረደ።

ከዚያ ምን ሆነ? ማዲሰን ወደ ቶተንሃም፣ ባርንስ ወደ ኒውካስል ሄዱ፣ ቲዬሌማንስ በነጻ ለቪላ ፈረመ። አሰልጣኝ ኤንዞ ማሬስካ መጥቶ በ97 ነጥብ ሁለተኛውን ሊግ፣ ሻምፒዮንሺፑን፣ አሸነፈና ወደ ቼልሲ ሄደ። በ2024 ሌስተር የቀጠረው ያንኑ የፎረስቱን ስቲቭ ኩፐርን ነው። በዚህኛው ዙር ክለቡ ከ2023 የተማረ መሰለው። ኩፐር በ12 ጨዋታ 10 ነጥብ ይዞ 16ኛ ላይ እያለ፣ ከወራጅ ቀጠናው ውጭ ሆኖ፣ በኖቬምበር ተሰናበተ። ሩድ ቫን ኒስትልሮይ ተተካ። ቡድኑ በሜዳው ዘጠኝ ተከታታይ የሊግ ጨዋታ አንድም ጎል ሳያገባ ተሸነፈ። ኤፕሪል 20 ቀን 2025 ሊቨርፑል 1 ለ 0 ሲያሸንፈው መውረዱ ተረጋገጠ። ጨረሰም በ25 ነጥብ።

እኔ ከዚህ ሁለተኛው ውድቀት የማየው ይህን ነው። በ2023 ያዩት የራሳቸውን ዋንጫ ነበር፤ በ2024 ያዩት የ2023ን ጸጸት። በሁለቱም ጊዜ ሜዳው ላይ ያለው ቡድን ምን እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት ትዝታው ቀደመ። በ2023 ቡድኑ መትረፍ የሚችል ነበር፣ አሰልጣኙ ግን ደክሞ ነበር። በ2024 ቡድኑ ራሱ ደካማ ነበር፣ ኩፐር ከእሱ የሚጨመቀውን እየጨመቀ ነበር።

ሜይ 18 ቀን 2025 አጥቂው ጄሚ ቫርዲ ለሌስተር የመጨረሻ ጨዋታውን ኢፕስዊች ላይ አደረገ። በ2015 ከግርጌ ሲወጡ ነበር፣ በ2016 ዋንጫውን ሲያነሱ ነበር፣ በ2023 ሲወርዱም ነበር፤ በዚያ ዓመት በሊጉ ያገባው ሦስት ብቻ ነው። በመሰናበቻው 500ኛ ጨዋታው ላይ 200ኛ ጎሉን አገባ። 38 ዓመቱ ነበር። ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበለት። ቡድኑ ከወረደ አራት ሳምንት ሆኖት ነበር።